ኳሷን የያዘው እጅ

«ሳጅን፣ ቶሎ ድረሺልን። ሞንዴን ገደሉት። ገዳዩን ይዘነዋል፤ ልጆቹ ሳይጨርሱት ብትደርሺ ጥሩ ነው።»

የደወለው የኖንታባ መንደር የክሪኬት ቡድን አምበል ዞሊሌ ነበር። መርማሪዋ ሳጅን ቡየልዋ ጫማዋን እያሰረች «ማንን ነው የያዛችሁት?» አለችው። ዞሊሌ «የእህቴን ልጅ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

የገና ሰሞን ነው። ከኬፕታውንና ከጆሃንስበርግ ለእረፍት የተመለሱ ወንዶች መንደሩን ሞልተውታል። በዚህ ሰሞን ኖንታባ ከበዓሉ እኩል የሚጠብቀው ከላይ መንደር ጋር የሚያደርገውን የክሪኬት ግጥሚያ ነው፤ አሸናፊው ሰንጋ ይነዳል። ትናንት ሰንጋውን ላይ መንደሮች ነድተውት ሄዱ። ዛሬ ዳኛው ሞቶ ተገኘ።

ቡየልዋ ሜዳው ላይ ስትደርስ ጤዛው ገና አልረገፈም። ሞንዴ ነጩን የዳኝነት ካፖርት እንደለበሰ በግንባሩ ተደፍቷል። የተመታው ማጅራቱን ነው። የጨዋታው የእንጨት ቋሚዎች የተተከሉት ከሜዳው በአንደኛው ጫፍ ብቻ ሲሆን፣ ከሦስቱ መካከለኛው የለም። ሬሳውን ስታገላብጥ አገኘችው። ደረቱ ስር የተጫነው ቀኝ እጁ ቋሚውን ጨብጧል፤ በመዳፉና በቋሚው መካከል ደግሞ ቀይዋ ኳስ ተቀርቅራለች። ጤዛ ያራሳት ኳስ ቀለሟን ለቃ መዳፉን አቅልታዋለች። ባርኔጣው ከጎኑ ሳሩ ላይ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ውስጡ ከቋሚዎቹ አናት ላይ የሚጋደሙት ሁለት ትንንሽ እንጨቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ራቅ ብሎ ደም የነካው የክሪኬት ዱላ ወድቋል፤ እጀታው ላይ በጋለ ምስማር «ሉካኞ» ተብሎ ተጽፏል።

«ቋሚውን ነቅሎ ሊከላከል ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም እንጂ» አሉ ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱ።

«ኳሷንስ ምን ሊያደርግባት ኖሯል?» አለች ቡየልዋ።

«ሊወረውርበት ነዋ!»

«በአንድ እጁ ቋሚም ኳስም ይዞ?»

ሽማግሌው «እንግዲህ የጨነቀው ሰው ምን ያደርጋል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ስለ ጨዋታው ትንሽ ካላልኩ ነገሩ አይገባም። ሁለት መቺዎች በሜዳው ሁለት ጫፍ በተተከሉት ቋሚዎች ፊት ይቆማሉ። አንዱ ኳሷን ይመታና ሁለቱም ቦታ ለመለዋወጥ ይሮጣሉ፤ አንድ ልውውጥ አንድ ነጥብ ነው። ሯጩ ዱላውን ከቋሚዎቹ ፊት ከተሰመረው መስመር አሳልፎ መሬት ሳያስነካ፣ ተቃራኒዎቹ ኳሷን ይዘው ትንንሾቹን እንጨቶች ከጣሉ፣ ሯጩ ተቀደመ፤ ከጨዋታ ይወጣል፣ ያቺም ነጥብ አትቆጠርም። ይህን ያህሉን ኖንታባ ውስጥ ፍየሎቹም ያውቁታል። ከዚህ ያለፈውን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሞንዴ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ከማወቅ ይልቅ መጮህ ይቀናዋል።

ትናንት ግጥሚያው መጨረሻዋ ኳስ ላይ ደርሶ ላይ መንደሮች ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ፓካሚሌ የሚባለው መቺያቸው ሮጠ። የዞሊሌ የእህት ልጅ ሉካኞ ኳሷን ከሜዳው ጥግ ወረወራት። ከቋሚዎቹ ኋላ የሚቆመው በረኛ አምበሉ ዞሊሌ ራሱ ነው። በወፍራም ጓንቱ ቀለባትና ቋሚዎቹን መታ። ፓካሚሌ ገና መስመሩ ጋር አልደረሰም። የኖንታባ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ያን ጊዜ ሞንዴ፣ የገዛ መንደራቸው ልጅ፣ «አልወጣም» አለ።

ሉካኞ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ዱላና ኳስ ከሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት ጀርባ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል። ወጣቶቹ ድንጋይ ጨብጠው ያንዣብባሉ።

«ማነው ያሰረው?» አለች ቡየልዋ።

«አጎቱ ነው። ጋሽ ዞሊሌ» አለ አንዱ በኩራት። «የገዛ ሥጋውን! እንዲህ ነው ሰው ማለት።»

«ፍታው።»

«ሳጅን፣ ይህማ…»

«ፍታው አልኩህ። ድንጋዩንም እዚያው ካነሳህበት መልስ።»

ልጁ ተፈትቶ እጁን እያሻሸ ቀና ብሎ አያት። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱን አያውቅም፤ እናቱ ስትሞት ያሳደገው ዞሊሌ ነው። ቡየልዋ ዱላውን ይዛ እሱን ከተማ ካወረደች የሚከራከርለት ሰው እንደማይኖር ገብቷታል። እሱም የገባው ይመስላል።

«ትናንት ምን ብለህ ነው የጮህክበት?»

«ሸጥከን አልኩት። ሰንጋው ሲበላ አታይም አልኩት።» አንገቱን ደፋ። «ብያለሁ። ግን አልነካሁትም።»

«ለምን አልወጣም ያለ ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ! ኳሷ ደረሰች፣ አጎቴ ቋሚዎቹን መታ፣ ሰውዬው ገና ሁለት ክንድ ይቀረዋል። ከዚህ በኋላ ምን ሕግ አለ?»

«ትንንሾቹ እንጨቶችስ?»

«የቶቹ?»

«ስትወረውር ቦታቸው ላይ ነበሩ?»

«ሳጅን፣ እኔ እኮ ጥግ ነበርኩ። ከዚያ ርቀት ትንሽ እንጨት አይለይም።»

«ዱላህ የት ነበር?»

«እዚሁ ቆርቆሮ ቤት። የሁላችንም እዚህ ነው የሚያድረው። የሚከፍተውም የሚቆልፈውም ጋሽ ሞንዴ ነው።»

ቡየልዋ በሩን አየችው። ቁልፉ ከነዘለበቱ ተንጠልጥሏል። ሞንዴ ቋሚ ሊያወጣ የከፈተው በር ነው፤ አብሮት የነበረ ሰው ከዱላዎቹ የፈለገውን ማንሳት ይችላል።

የሞንዴ ሚስት ኖሳኬሌ ቤቷ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። እንደ ወጉ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አጠገቧ መቀመጥ ነበረበት። ከሁለት አሮጊቶች በስተቀር ማንም አልመጣም። የሻጭ ሚስት ናታ!

«ትናንት ማታ በራችንን በጭቃ መቱት» አለች። «እኔም ተናደድኩበት። ለምን እንደፈረድክ ንገራቸውና ይረፉ አልኩት። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ጨዋታ መሃል አስረድቶ አያውቅም። ጥያቄ ያለው ጠዋት ሜዳው ላይ ይምጣና ላሳየው ነው የሚለው።»

«ምን መለሰልሽ እትዬ?»

«"ነገ ለሁሉም እናገራለሁ፤ አንድ ሰው ግን ቀድሞ ብቻውን ማወቅ አለበት" አለኝ። ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ ሲወጣ ያፏጭ ነበር። ማስረዳት ነፍሱ ነው።»

«ማን እንደሆነ አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም። ያ ሰው እንዳያፍር ብሎ ይሆናል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው እንዳያፍር።»

ፓካሚሌ የሞት ዜናውን ሰምቶ ከላይ መንደር ብቻውን ወርዷል። ጉቦ ሰጠ እየተባለ በጠላት መንደር መካከል መቆም ድፍረት ይጠይቃል። ሰውየው ግን ፌዘኛ ነው።

«ጉቦ? ሳጅን ሙች፣ ለጫማዬ ክር መግዣ የለኝም። እኔ ራሴ ወጣሁ ብዬ ነበር። ሩጫዬ መስመሩን አሳለፈኝና ዱላዬን ብብቴ ስር አድርጌ ወደ ቤት አቀናሁ። ዳኛው ጠርቶ አልወጣህም አለኝ። ሐሳቡን ሳይለውጥ ብለን ሰንጋውን እየነዳን ላጥ አልን።»

«ከፊት ለፊትህ የነበረው ጋሽ ዞሊሌ ነው። ምን አየህ?»

«ኳሷ ሳትመጣ ተንደርድሮ ጉልበቱ ቋሚዎቹን ገጨ። ትንንሾቹ እንጨቶች ያኔ ነው የወደቁት። ከዚያ ኳሷ መጣች፣ ቀለባትና መታ።»

«"አልወጣም" ሲባል ምን አለ?»

«"ኳሷን ይዤ መታሁት፣ ቋሚው ተነቃነቀ፣ ሌላ ምን ላድርግልህ?" ብሎ ጮኸበት። ዳኛው አይቶት ዝም አለ። ኋላ ጋሽ ዞሊሌ ራሱ ሰዉን ሲያረጋጋ አየሁት።»

ቡየልዋ ዞሊሌን ያገኘችው ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። እሱና ሞንዴ በአንድ ዓመት ተራራ ወጥተው፣ በአንድ ጎጆ ተገርዘው ወንድ የሆኑ ናቸው፤ ለዓመታትም ጥንድ መቺ ሆነው ሮጠዋል። የእሷ ታላቅ ወንድም በዞሊሌ ቡድን ውስጥ ስለተጫወተ ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ታከብረዋለች። ሲያለቅስ ማየት ከበዳት።

«ወንድሜን ነው ያጣሁት ልጄ።»

«ትናንት ከጨዋታው በኋላ አግኝተውታል?»

«አላገኘሁትም። ሰው ሁሉ ተቆጥቶ ነበር፤ ይብረድ ብዬ ተውኩት። ምነው ሄጄ ቢሆን!»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ሬሳውን ነው ያየሁት።»

«ሰዎቹ ሸጠን ይላሉ።»

ዞሊሌ ቀና አለ። «ውሸት ነው። ሞንዴ አይሸጥም። ፍርዱ ልክ ነበር። ትንንሾቹ እንጨቶች ቀድመው ከወደቁ መምታት ዋጋ የለውም፤ ቋሚውን ከመሬት መንቀል ነው ያለብኝ። ያውም ኳሷን በያዘው እጅ። በሌላው እጅ ብነቅለው እንኳን አይቆጠርም።» እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። የመዳፉ መስመሮች ውስጥ ቀላ ያለ ነገር አለ።

ቡየልዋ አየችው። ፊቷን ግን አልለወጠችም። «ያ የተሰበረው ጣትዎ እንዴት ነው? ወንድሜ ሁሌ ያነሳዋል።»

«ይሄ? ከዚያ ወዲህ ያለ ጓንት ኳስ ነክቼ አላውቅም። ትናንትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላወለቅኩም።»

«እግዜር ይማርዎ» ብላ ተነሳች። ወደ ሜዳው ተመለሰች። ሌላ ማንም ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሽማግሌዎቹ የወንዶች ጉዳይ የሚታየው ያገባች ሴት በማትገባበት የከብት በረት ውስጥ ነው ብለው ተከራከሩ። ቡየልዋ «እትዬ ኖሳኬሌ በረት አትገባም። እሷ የማትሰማውን አልናገርም» አለች። እናም መንደሩ በሙሉ ቋሚዎቹ አጠገብ ተሰበሰበ። ሉካኞ ከአጎቱ ጎን ቆመ። ዞሊሌ እጆቹን ኪሱ ከቷል።

«ከባርኔጣው ልጀምር» አለች። «የሚደባደብ ሰው ትንንሾቹን እንጨቶች አንስቶ ባርኔጣው ውስጥ አያስተኛም። ጋሽ ሞንዴ በሰላም፣ ቀስ ብሎ ነው ያነሳቸው። ከዚያ ኳሷን በቀኝ እጁ ይዞ በዚያው እጁ ቋሚውን ነቀለ። ይሄ ራሱን ሲከላከል አይደለም። ለአንድ ሰው ሕግ ሲያሳይ ነው። የተመታውም ጎንበስ እንዳለ፣ ከኋላው ነው።»

«የምን ሕግ?» አለ አንዱ ወጣት።

«ትናንት "ሻጭ" ያላችሁበትን ሕግ። ኳሷ ሳትደርስ ትንንሾቹ እንጨቶች በጉልበት ተገጭተው ወድቀው ነበር። እነሱ ከሌሉ ደግሞ ቋሚውን መምታት አይበቃም፤ ኳሷን በያዘው እጅ ከመሬት መንቀል ነው። ያን ያደረገ ስለሌለ ፓካሚሌ አልወጣም።»

አንዲት ሴት «የማን ጉልበት ነው?» አለች። ሁሉም አንገቱን ወደ አንድ ሰው አዞረ።

«ጋሽ ሞንዴ ይህን ትናንት ቢናገር ኖሮ» አለች ቡየልዋ፣ «የሚሰደበው እሱ ሳይሆን በረኛው ነበር። ዝም ብሎ ስድቡን ተቀበለ። ለሚስቱ "አንድ ሰው ቀድሞ ብቻውን ማወቅ አለበት" አላት። ያ ሰው ሉካኞ ሊሆን አይችልም። ሉካኞ የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ በደንብ ነው የወረወረው። እንጨቶቹ መውደቃቸውን እንኳን እስከ ዛሬ አያውቅም።»

«ልጄ፣ ወዴት እየሄድሽ ነው?» አለ ዞሊሌ።

«ወደ እርስዎ ነው ጋሼ። ትናንት በሁለት መንደር ፊት "ይዤ መታሁት፣ ሌላ ምን ላድርግልህ" ብለው ጮኸዋል። ሕጉን አያውቁትም ነበር። ዛሬ ከቀትር በፊት ለእኔ ቁልጭ አድርገው ነገሩኝ፤ እስከ የትኛው እጅ ድረስ። እዚህ አገር ይህን የሚያስተምር አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከጨዋታው በኋላ አላገኘሁትም አሉኝ። ታዲያ ማን አስተማረዎት?»

«ድሮም አውቀው ነበር። በጨዋታ ሙቀት ረስቼው ነው።»

ኖሳኬሌ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ድሮ የምታውቀው ከሆነ የቤቴ በር በጭቃ ሲመታ ለምን ዝም አልክ?»

«መዳፍዎን ያሳዩኝ» አለች ቡየልዋ። «ትናንት ጓንትዎን አላወለቁም። ያለ ጓንት ኳስ አልነካም ብለውኛል። የዛሬዋ ኳስ ግን በጤዛ ርሳ ቀለሟን ትለቅ ነበር።»

ዞሊሌ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ሉካኞ ክንዱን ያዘው።

«አሳያቸው አጎቴ። አሳያቸውና አፋቸውን ይዝጉ።»

ልጁ ከልቡ ነበር የተናገረው። ዞሊሌ የእህቱን ልጅ ፊት ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። ቢታጠብም ቀለሙ መስመሮቹ ውስጥ ቀርቷል። ልክ በሞንዴ መዳፍ ላይ የነበረው ቀይ ነው።

«መጀመሪያ እኔን አስነቀለኝ» አለ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር። «"እንዲህ ያዝ፣ ኳሷም ቋሚውም በአንድ እጅ" እያለ። ይስቅ ነበር። ከዚያ "ዛሬ ለሕዝቡ እነግራለሁ፤ እኔን ይስደቡኝ፣ ኖሳኬሌ ግን ከዚህ በላይ አትሰደብልህም" አለኝ። ለመንኩት። ስንት ዘመን አምበል ሆኜ፣ ሰንጋችንን ያስነዳው የዞሊሌ ጉልበት ነው ሊባል! አብረን ተራራ ወጥተናል እኮ፣ ተወኝ አልኩት። "አብረን ስለወጣን ነው ትናንት ዝም ያልኩት" አለኝና እንደገና ሊያሳየኝ ጎንበስ አለ። በሩ ክፍት ነበር። እጄ ያገኘውን ዱላ አነሳሁ።»

«የማን ዱላ እንደሆነ አላየህም» አለ ሉካኞ። ጥያቄ አልነበረም፤ ልመና ነበር።

«ሳነሳው አላየሁም።»

«ኋላስ?»

ዞሊሌ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ኋላስ አጎቴ? ስሜን አንብበህ ነው እዚያ የተውከው? አንብበህ ነው መጥተህ እጄን ያሰርከው?» ልጁ ድምፁ ተሰበረ። «እኔ እኮ ያንን ሰው የሰደብኩት ላንተ ብዬ ነው። አጎቴን በደለው ብዬ!»

ቡየልዋ ካቴናውን ስታጠልቅለት ዞሊሌ ራሱ እጁን አቀረበላት። መኪናው ውስጥ ሲገባ ከመንደሩ ሰው አንድም ቻው ያለው የለም፤ የረገመውም የለም።

የቀሩት ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ኖሳኬሌ ቀረቡ። በዕድሜ ትልቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እህታችን፣ በድለናል። ሞንዴን በክብር እንቀብረዋለን። ወጣቶቹ ተራ በተራ ይሸከሙታል» አሉ።

ኖሳኬሌ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እናንተ ባሌን አትሸከሙትም» አለች። «ላይ መንደር ሰው ላኩ። እነሱ መጥተው ይሸከሙት።»

አንድም ሰው ለመሄድ አልተነሳም። አንዱ ሌላውን አየ፤ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆሙ። ሉካኞ ግን ያበጠ ከንፈሩን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ፓካሚሌ ሄደ።

«መንገዱን አሳየኝ» አለው። «እኔ እጠራቸዋለሁ።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ዳገቱን ጀመሩ። የኖንታባ ሰው ሜዳው ላይ እንደቆመ ቀረ።